ፀሐይ ያላየው እንስላል

እንስላልማ የትም አለ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ በየአጥሩ ጥግ፣ በየወንዙ ዳር ሰው ሳይዘራው ይበቅላል፤ አህያ ይረግጠዋል፣ ፍየል አሽትታ ታልፈዋለች። የእማማ ወለተሩፋኤል እንስላል ግን ሌላ ነው። ቁስቋም ሰፈር ተቀምጦ ስለ እሱ ያልሰማ ሰው ካለ ትናንት ማታ የገባ እንግዳ መሆን አለበት። አገዳው ከሥሩ እስከ አንገቱ የወይን ጠጅ መልክ አለው፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ሽታው የድንጋዩን ካብ አልፎ መንገደኛ ያስቆማል። ለቁስቋም ማርያም በዓል የሚወጣው አረቄ በእሱ ካልጣፈጠ ማኅበርተኛው መለኪያውን አፍንጫው ሥር አቁሞ "ምነው፣ ዘንድሮ ምን ነካው?" ይላል። ደግሞ ማለቱ! በነፃ እየጠጣ!

እማማ ወለተሩፋኤል ካረፉ ወዲህ ጓሮው የትልቋ ልጃቸው የባንቺአየሁ ሆኗል። ጓሮውን ብቻ አይደለም የወረሰችው፤ ሕጉንም ጭምር ነው። እንስላል ሰኔ ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልሰው እዚያው በሚቆምበት ቦታ ይዘራል። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ከአንዱ ነቅለው ሌላ ጋ ቢተክሉት ተቀይሞ ይጠወልጋል። ቢጫ አበባው እንደ ድባብ ተዘርግቶ መስከረምንና ጥቅምትን ይቆይና ፍሬ መያዝ ይጀምራል። ፍሬው ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቡኒ ሲሆን፣ ያኔ ነው ጥድፊያው። ጎሕ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ማጭድ ይዞ መውጣት ነው። ዘለላው እየታጨደ በጋቢ ላይ በአፍጢሙ ይደፋል፤ ጋቢው በአራቱም ጫፉ ተቋጥሮ ወደ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ከጣራው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። "ፀሐይ ካየው በረከቱ ይሄዳል" ይሉ ነበር እማማ ወለተሩፋኤል። ሌላም ትእዛዝ ነበራቸው። አንዲት ፍሬ ከዚያ ጓሮ አትወጣም። ለጎረቤት አይሰጥ፣ ለዘመድ አይሰጥ፣ ለመነኩሴም አይሰጥ።

እንግዲህ ባንቺአየሁ እናቷን ተከትላ ጋቢ መያዝ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ፣ የደረሰ እንስላል ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም። ማን አይቶ? ቀትር ላይ እንስላሉ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል።

ከካቡ ማዶ ታናሽ እህቷ ደብሪቱ ትኖራለች። ተኳርፈዋል። ኩርፊያ ስል የእህትማማች ኩርፊያ፣ ዛሬ ተኮራርፎ ነገ ወንፊት መዋዋስ እንዳይመስላችሁ። ሰላምታ የለም። ለቅሶ ቤት አንዷ በቀኝ ከተቀመጠች ሌላይቱ በግራ ናት። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ አንዷ እስክትጨርስ ሌላይቱ ከቅጥሩ ውጭ ትቆማለች።

ነገሩ የመጣው በእናታቸው ለቅሶ ነው። እማማ ወለተሩፋኤል ያረፉት ኅዳር ላይ ነበር፣ ልክ እንስላሉ ደርሶ ማጭድ በሚሳልበት ሰሞን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ወንዶቹ ዳስ ጣሉ፤ ሰው ከጠዳ፣ ከአዘዞ፣ ከጭልጋ ጎረፈ። ጓሮ ማን ያስታውሳል? ለቅሶው ተፈትቶ ባንቺአየሁ ወደ ጓሮ ስትወጣ ዘለላው ሁሉ ባዶውን ቆሟል። አንድም ፍሬ የለበትም። ደግነቱ ከአምናው የተረፈ ጥቂት ዘር በቅል ውስጥ ነበረና በእሱ ተጽናናች። "ወፍ ነው" አለች፤ ኀዘንተኛ ሰው ብዙ አይመራመርም።

ክረምቱ ገባ። ከካቡ ማዶ፣ በደብሪቱ የጎመን መደብ ላይ፣ አገዳው የወይን ጠጅ የሚመስል እንስላል ብቅ ብቅ አለ።

ባንቺአየሁ ካቡ ላይ ወጣች። አዎ፣ ልጅ ወልዳ የዳረች፣ ሰፈሩ "እሜቴ" የሚላት ሴት ካብ ላይ ወጥታ፣ "እኔ የእናቴን ለቅሶ ተቀምጬ ፊቴን ስነጭ አንቺ ዘር ትለቅሚ ነበር! አፈሩ እንኳ ሳይረጋ!" ብላ ጮኸች። ሰፈር ሰማ። እዚያ አገር ዘር ሰረቀች መባል ማለት የቤቱን በረከት አወጣች መባል ነው፤ ከዚያ ይልቅ በሬ ሰረቀች ቢባል ይሻላል። ደብሪቱ እጇን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግታ "ማርያምን አልወሰድሁም" አለች። "ታዲያ በእግሩ መጣ?" አለቻት ባንቺአየሁ። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ እንስላሉን አንድ በአንድ ከሥሩ እየነቀለች በካቡ አሻግራ እህቷ እግር ሥር ወረወረችው።

ያ ነው የመጨረሻ ንግግራቸው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሐብተ ማርያም በየፋሲካው መስቀላቸውን ይዘው ከአንዷ ደጅ ወደ ሌላይቱ ደጅ ተመላለሱ። ባንቺአየሁ "ዘሬን ትመልስ" አለች። ደብሪቱ "ስሜን ትመልስ" አለች። ቄሱም ሰው ናቸውና ደከማቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የደብሪቱ ባል የሻው ነበር። የሻው ሳቂታ ሰው ነው፤ አማቱን ሳይቀር በቀልድ ያስቃቸው ነበር። "አንድ ቀን ከዚህ እንስላል አንድ እፍኝ እሰርቅና አረቄ አወጣለሁ፣ ያን ጊዜ ቁስቋም በሙሉ እኔ ደጅ ይሰለፋል" ሲላቸው እማማ ወለተሩፋኤል በመቋሚያቸው ጭኑን ሸንቆጥ ያደርጉት ነበር። ከጠቡ በኋላም ባንቺአየሁን መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር ቆቡን አውልቆ ይሰግድላታል፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች። በዚህ ክረምት ሳል ጣለውና ሞተ። ባንቺአየሁ ለቀብሩ ሄደች፤ ከልቧም አለቀሰች፤ ግን እህቷን "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ሳትላት ተመለሰች። አፏ አልታዘዝ አላት።

አሁን ደግሞ ደብሪቱ ልትሄድ ነው። ልጇ እንኳየሁ ዛሪማ አግብታለች፤ እናቴ ብቻዋን አትቀመጥም ብላ ልካባታለች። ቤቱን ለባሏ ዘመድ አስረከበች፣ ዕቃዋን አሰረች፤ ከነገ ወዲያ ጧት ከከተማ በሚነሣው የጭነት ማኪና ትሳፈራለች። የሊማሊሞን ገደል ወርዳ ዛሪማ የገባች አሮጊት ለፋሲካ እመለሳለሁ ብላ የምትመጣ አይደለችም። ባንቺአየሁ ይህን የሰማችው እንደ ባዕድ ከጎረቤት ነው። "ትሂድ!" አለች። ስትጋግርም "ትሂድ"፣ ስታጥብም "ትሂድ"። ባሏ አላምረው ሰማ ሰማና "ፈቃጇ አንቺ ነሽ እንዴ፣ እንዲህ ደጋግመሽ የምታሰናብቻት?" አላት። የያዘችውን ማማሰያ ልትወረውርበት ፈለገች፤ ግን ዐይኗ እንባ ስለሞላ አልወረወረችም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ይኸውም ደብሪቱ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ባንቺአየሁ ማጭዷንና ጋቢዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እንስላሉ ደርሷል፤ ትናንት ገና አረንጓዴ ስለነበር ትታው ከባሏ ጋር ተዝካር ሄደው አመሹ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነፋስ እንዳይጥለው ብላ መደቡ መሐል ባላ ተክላ፣ አገዳውን ሁሉ ሰብስባ በአንድ ገመድ ከባላው ጋር አስራው ነበር። ልታጭድ ቀረብ ስትል ባላው ላይ የጠቆረ ነገር ተንጠልጥሏል። "ይኸ ሰውዬ በርኖሱን እዚህ ምን አሰቀለው?" አለች በልቧ። ልታነሣው እጇን ሰደደች።

ሞቀ።

በዚያ ብርድ፣ ጤዛው በረዶ ሊሆን ምንም ባልቀረው ጧት፣ መዳፏ ሥር ያለው ነገር እንደ ሕፃን ሆድ ሞቀ። ደግሞ ይንሾካሾካል፤ ከውስጡ፣ ከጥልቁ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ይመጣል። "በስመ አብ!" ብላ እጇን መለሰች። ጎንበስ ብላ አየችው። ንብ ነው። ንብ በንብ ላይ፣ አንዱ የሌላውን እግር ይዞ፣ ሌላውም የሌላውን፣ ከባላው ጫፍ እስከ እንስላሉ ወገብ ድረስ ወርዶ ተንጠልጥሏል። ትናንት እነሱ ተዝካር ላይ ሳሉ የመጣ መንጋ ነው። አንዲትም አልተነሣችባት። ባንቺአየሁ መዳፏን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው፤ ማርና እንስላል ሸተታት፤ ሙቀቱም አልለቀቃትም። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ነካሁ ብላ ተደነቀች።

አላምረውን ስትጠራው በሹራብ ብቻ ብቅ አለ። ንቡን አየ። ስንት ዓመት ባዶ ቀፎ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሲጠብቅ፣ ሰፈርተኛው "ጠበኛ ቤት ንብ አይገባም፣ አያ አላምረው፣ አትልፋ" እያለ ሲያላግጥበት የኖረ ሰው ነው። ቀፎውንም በመጨረሻ ምስጥ በላው።

"ባንቺ" አላት በሹክሹክታ፣ ንቦቹ እንዳይሰሙት ይመስል። "አያ ወልደኢየሱስ ጋ ሄጄ ቀፎ ተውሼ እመጣለሁ። ከቀሃ ወንዝ ማዶ ነው፣ እንግዲህ ዋል ማለቴ አይቀርም። እስክመለስ አንዲት አገዳ እንዳትነኪ።"

"ምን ማለትህ ነው? ፀሐይ ሊወጣ ነው'ኮ! እንስላሉስ?"

"ሁሉም በአንድ ገመድ ታስሯል። አንዱን ስትቆርጪ ሁሉም ይነቃነቃል፣ ንቡ ተነሥቶ ይሄዳል።"

"የእናቴ እንስላል ፀሐይ አይቶት አያውቅም!"

"ዘንድሮ ይየዋ! እንስላል በየዓመቱ ነው፤ ንብ ግን፣ አንቺ ሴትዮ፣ ንብ በዕድሜሽ አንዴ ነው።" ጋቢውን ከቤት አንሥቶ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሽማግሌ መሆኑን ረስቶ እየሮጠ ወጣ።

ባንቺአየሁ ካቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ማጭዷን ጭኗ ላይ አጋደመች። ተናዳለች። ግን ያን ሙቀት በእጇ ነክታ ንቡን ለማባረር ልብ ከየት ይመጣል? ከካቡ ማዶ ደብሪቱ ስትንጎዳጎድ ይሰማታል። ሳጥን ይጎተታል፤ ገመድ ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ ደብሪቱ ሳለች። ሳሏ የእናታቸው ሳል ነው። ባንቺአየሁ ድምፅ እንዳታሰማ ከንፈሯን ነከሰች። ነገ በዚህ ሰዓት ከካቡ ማዶ የሚስል ሰው አይኖርም።

ፀሐይ ወጣች። ብርሃኑ ከዳገቱ ላይ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነክቶ ወረደና ንቡ ላይ ሲያርፍ፣ ያ የጠቆረ በርኖስ ከላይ እስከ ታች ወርቅ ሆነ። ሰውነቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከላይኛው ንብ የጀመረ ንቅናቄ እስከ ታችኛው ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ወጣ፤ አዝመራ ላይ ነፋስ ሲሄድ እንደምታዩት ነው። ከዚያ አንዳንዱ እየተነሣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ከሌሎቹ ጀርባ ላይ እየተሽከረከረ የሚነግራቸው ነገር ያለ ይመስላል። ባንቺአየሁ ንዴቷን ረሳች። በዚህ ጓሮ ውስጥ ስትወጣ ስትወርድ አርጅታለች፤ ተቀምጣ ያየችው ግን ዛሬ ነው።

ጤዛው ደረቀ። ዘለላው ከቡኒ ወደ ቀላ ያለ ቡኒ ሲዞር ዐይኗ እያየ ነው። ፀሐዩ በረታ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ በጣም ትንሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ የሚል፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ። መጀመሪያ ንቡ መሰላት። ጆሮዋን አቀናች። እንስላሉ ነው። ፍሬው በሙቀቱ እየደረቀ ከተያያዘበት እየተላቀቀ ነው። ከእያንዳንዷ የዘለላ ጫፍ ጥንዷ ፍሬ ትከፈትና አንዷ ከሌላዋ ትለያለች፤ በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ትቆያለች። እንዲህ ያለ ነገር እናቷ ነግረዋት አያውቁም። ከየት ያውቁታል? እሳቸውም አላዩትም፣ የእሳቸውም እናት አላዩትም።

ቀትር ላይ ከዳገቱ ነፋስ ወረደ።

ኃይለኛ አልነበረም፤ የኅዳር ነፋስ ነው፣ ነጠላ የሚያነሣ እንጂ ሰው የሚገፋ አይደለም። እንስላሉ ራሱን ነቅነቅ አደረገ። የፍሬው ግማሽ ተነሣ። ወደ ታች የሚረግፍ መስሏት ጋቢዋን ዘርግታ ብድግ አለች፤ ፍሬው ግን ወደ ታች አልወደቀም። ወደ ላይ ሄደ። ስስና ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ጤፍ ገለባ ቀላል፤ ፀሐዩ በውስጡ እያለፈ ከራሷ በላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ወጣና በአየር ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው እንደጠራው ሁሉ፣ ካቡን ተሻገረ።

ባንቺአየሁ ጋቢዋን እንደዘረጋች ቀረች። ዐይኗ ተከተለው። ካቡን አለፈ፣ ዝቅ አለ፣ ተበተነ፣ ደብሪቱ የጎመን መደብ ላይ አረፈ። ሌላ ቦታ አይደለም፤ እዚያው፣ ያን ክረምት እንስላሉ ብቅ ያለበት ቦታ ላይ።

"አይደለም" አለች ለብቻዋ። "ዛሬ ብቻ ነው። ዛሬ ነፋሱ ነው።" ሰው በደሉን ከማመን የቀትር ነፋስን መክሰስ ይቀለዋል። ነፋሱ ሁለተኛ መጣ። የቀረው ፍሬ ተነሥቶ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ካብ ላይ አለፈ። አንዲቱ ባንቺአየሁ ክንድ ላይ አረፈች። አየቻት። ክብደት የላትም፤ ከዐይን ሽፋሽፍት አትበልጥም። ይህች ናት እንግዲህ እህቷን ሌባ ያሰኘቻት። ለቅሶ በተቀመጡባቸው በእነዚያ ቀናት ሁሉ፣ ዳሱ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ፣ እንስላሉ ፀሐይ እያየ፣ ነፋስ እየነካው፣ ያለ ማንም እጅ ሲሻገር ነበር።

ፈራች። ንቡን ተመለከተች፤ አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል፣ ይንሾካሾካል። ንቡ ባይመጣ ጎሕ ላይ አጭዳ ትገባ ነበር፤ ደብሪቱም ነገ ሌባ እንደተባለች ትሄድ ነበር። አስቀምጦ ያሳየኝ ማን ነው ብላ ስታስብ አማተበች። "አቤቱ፣ ምን ብዬ እገባለሁ አሁን?" አለች።

ምን ብላ እንደምትገባ ግን ታውቃለች። በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ይወድቃል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ታናሽ ለታላቅ ነው ወጉ። ታላቅ ለታናሽ ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ ባንቺአየሁ አይታ አታውቅም። ይሁን አለች። ከካቡ አንድ ድንጋይ ነቀለች፤ ቀለል ያለውን ልትወስድ እጇ ሄዶ ነበር፣ አፈረችና ከባዱን አነሣች። ነጠላዋን አገልድማ፣ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ ደግፋ፣ በአደባባይ በዋናው በር ወጥታ በእህቷ በር ገባች።

ዕቃው ተጠፍሮ ደጅ ላይ ተደርድሯል። ደብሪቱ የጎመኑ መደብ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። የባሏን ኀዘን ገና አላወጣችም፣ ከል ለብሳለች፤ ያ ሁሉ ፍሬ በጥቁር ልብሷ ላይ ሰፍሯል። ከትከሻዋ ላይ፣ ከራስ ማሰሪያዋ ላይ፣ ከእጅጌዋ ላይ። አንድ መዳፏን ዘርግታ ወደ ላይ ይዛለች፤ ከካቡ የሚመጣው ፍሬ እየወረደ መዳፏ ላይ ያርፋል።

ባንቺአየሁ ተንበረከከች። "ደብሪቱ፣ እኔ ነኝ" አለች። "በድዬሻለሁ። ነፋስ ነው። ዛሬ በዐይኔ አየሁት። አንቺ አይደለሽም፣ ነፋስ ነው።"

ደብሪቱ አልዞረችም። አትዞርም ብላ ባንቺአየሁ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ደብሪቱ መዳፏን እንደተመለከተች፣ በቀስታ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣

"የሻው አልወሰደም ማለት ነው" አለች።

"የሻው?" ባንቺአየሁ አልገባትም። "የሻው ምን አደረገ?"

ደብሪቱ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

"አንቺ ያን ቀን ከካቡ ወርደሽ ሄድሽ። እኔ እዚህ ቀረሁ። እኔ አልወሰድሁም፣ ይህን አውቃለሁ። እንስላሉ ግን በቅሏል። በእግሩ አልመጣም ብለሻል፤ እኔም አሰብሁት፣ እውነትሽን ነው፣ በእግሩ አልመጣም። ታዲያ ማን አመጣው? ያን ሰሞን እኛ ዳስ ውስጥ ስንቀመጥ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ በጓሮ የሚመላለስ እሱ ነው። እሰርቃለሁ እያለ የሚቀልድ እሱ ነው። ጠየቅሁት። ሳቀ። ሳቁን ያን ቀን ጠላሁት። ሁለተኛ ጠየቅሁት፣ ማለልኝ። እታለም፣ በታቦት ማለልኝ፤ አላመንሁትም።"

"ደብሪቱ..."

"ገበታ ለየሁት። ከዚያ ወዲህ አብሬው አልቆረስሁም። ለሰው አልነገርሁም፣ እሱም አልተናገረ፤ መንገድ ላይ እየጠበቀ ቆቡን ሲያወልቅልሽ የነበረው የእኔን ፊት ሽሽት ነው። የሞተ ዕለት ዐይን ዐይኔን እያየ 'ደብሪቱ፣ እንስላሉን እኔ አልነካሁም' አለኝ። 'ተወው አሁን፣ ጊዜው የእሱ አይደለም' አልሁት።" ከዚያ ጮኸች፤ በእናታቸው ለቅሶ እንኳ እንዲህ አልጮኸችም። "አመንሁህ አላልሁትም! ምን ነበረበት ብለው? አመንሁህ አላልሁትም!"

ባንቺአየሁ አብራት አለቀሰች። ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣችው አንድ ሰው ነበር፤ ካብ ላይ ወጥታ የተናገረችው ነገር የት ድረስ እንደሄደ አሁን ነው ያየችው። ክንዷ ዛለ። ድንጋዩ ከማጅራቷ ሊንሸራተት ሲል ልታስቀምጠው ዝቅ አለች።

"አታውርጂው" አለች ደብሪቱ።

ባንቺአየሁ ይቅርታ ተከለከልሁ ብላ ራሷን ደፋች። ደብሪቱ ግን አጠገቧ አልፋ ወደ ካቡ ሄደች፤ በሁለት እጇ ድንጋይ ታገለች፤ የመጀመሪያው እንቢ አላት፣ ሁለተኛውን ነቀለችው። ልብሷ ላይ ያለውን ፍሬ ሳታራግፍ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አስቀመጠች። ተመልሳ መጥታ አንድ እጇን ለእህቷ ዘረጋችላት።

"ተነሽ እታለም" አለቻት። "አንቺ ብቻ አይደለሽም።"

ተያይዘው ወጡ። በሩ ላይ አላምረው ቀፎ በትከሻው ተሸክሞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ፊቱ እየሳቀ ሲመጣ አገኛቸው።

"ባንቺ! ንቡን ለማን ትተሽ ነው..." ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። የሚስቱን ድንጋይ አየ፤ የደብሪቱን ድንጋይ አየ። አንዷ ለሌላይቱ ከሆነ ሁለት ድንጋይ ምን ያደርጋል ብሎ ግራ ገባው። "ከማን ልትታረቁ ነው?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ከባሌ" አለች ደብሪቱ።

አላምረው የሻውን ቃሬዛ በዚያው ትከሻው ተሸክሞ ወደ ቁስቋም ማርያም መቃብር ያወጣ ሰው ነው። ቀፎውን ከመንገዱ ዳር አስቀመጠ፤ ቆቡን አወለቀ፤ ከኋላቸው ሆኖ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ዳገት ያዘ።